ሞተር ከመቀየራችሁ በፊት አስለኩት

ጎጃም ውስጥ ሞተር የሚገድሉ ነገሮች ብዙ አይደሉም። ትልቁ የአባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ከአባይ ድልድይ ተነስቶ ደጀን እስኪደርስ መኪናው ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ያውም ተጭኖ፣ በከባድ ማርሽ፣ በቆላ ሙቀት። ቀጥሎ የጠጠር መንገድ አቧራ አለ፤ ከዚያ የክረምት ወንዝ፤ ከዚያ ዘይቱ ሳይታይ የከረመ ሞተር። ከነዚህ አንዱ ሞተሩን ሲያቆመው ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው ፍርድ ግን ከሁለት አያልፍም። አንዱ «ጋሼ፣ ይሄ ሞተር አብቅቶለታል፣ ቢቀየር ይሻላል» ይላል። ሌላው «ግድ የለም፣ ፋሻና ብሮንዚን ቀይረን እናስነሳዋለን» ይላል፤ ፋሻ የፒስተኑ ቀለበት፣ ብሮንዚን ደግሞ የሚሽከረከረው ዘንግ የሚያርፍበት ስስ ሽፋን ነው። ቴስታታው (ከብሎኩ ላይ የሚቀመጠው የሞተሩ ራስ) ሳይወርድ፣ ምንም ነገር ሳይለካ የተባለ ከሆነ ሁለቱም ግምት ነው። ሁለቱም ደግሞ የሚከፈለው ከባለመኪናው ኪስ ነው።

በእኔ አስተያየት ማሳደስና መቀየርን የሚለዩት ሁለት ዕቃዎች ናቸው፤ ብሎኩ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ አካል፣ እና ክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም የፒስተኖቹን ከፍ ዝቅ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ዘንግ። ቴስታታ ይጠገናል፣ ፒስተንና ቫልቭ ይገዛል፣ ኖዝል ይስተካከላል። ብሎኩ የተሰነጠቀ ወይም ክራንኩ ከልክ በላይ የተበላ ከሆነ ግን «ማሳደስ» የሚባለው ሥራ አንድ ሙሉ ሞተር በችርቻሮ መግዛት ይሆናል። ሁለቱ ደህና ከሆኑ ደግሞ ሞተሩን አውጥቶ መጣል ብዙውን ጊዜ ያለ ምክንያት የሚደረግ ወጪ ነው። ይህን የሚናገረው ማይክሮሜትር (የሚሊ ሜትር ሽራፊ የሚለካ መሣሪያ) ነው፤ የመካኒክ ጆሮ አይበቃም።

ሳይከፈት የሚታወቀው

የመጀመሪያው መሣሪያ የኮምፕሬሽን ጌጅ ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት ይለካል። ሞተር አሳድሳለሁ የሚል ጋራዥ ጌጅ ከሌለው ወደ ሌላ ሂዱ። ሞተሩ የሚነሳ ከሆነ በደንብ ይሙቅ፤ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ ናፍጣው ይቋረጥ፤ ካንዴሌታዎቹ (ሞተሩ እንዲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቁት) በሙሉ ይውጡ። አንዱን ብቻ እያወጡ መለካት ሞተሪኖውን (የማስነሻውን ሞተር) ያደክመዋል፤ ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ሲያዞር ደግሞ የጌጁ ቁጥር ይወርዳል። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት ጊዜ ይለካ፣ ቁጥሩም ወረቀት ላይ ይጻፍ። ያ ወረቀት የእናንተ ነው፤ ይዛችሁት ሂዱ።

እዚህ ላይ ጎጃምን ለብቻው የሚመለከት ነገር አለ፤ ብዙ ደህና ሞተርም በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋቱ ይፈረድበታል። ለቶዮታ 2ኤልና 3ኤል የናፍጣ ሞተሮች የጥገና መጽሐፉ የሚያስቀምጠው ቁጥር በካሬ ሴንቲ ሜትር 32 ኪሎ ነው፤ ዝቅተኛው 20፣ በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቀደው ልዩነት ደግሞ 5። ይህ ሁሉ በባሕር ጠለል አየር የተቀመጠ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር በአንድ አራተኛ ከቀነሰ ጌጁም የሚያሳየው በአንድ አራተኛ ቀንሶ ነው። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ 24 ያነበበ ሲሊንደር ጅቡቲ ላይ 32 ያነብ ነበር ማለት ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ያው ሲሊንደር እዚያ ወደ 25 ወይም 26 ይጠጋል። መጽሐፉን አንብቦ «32 መሆን ሲገባው 23 ሆነ፤ ፋሻው አልቋል» የሚል መካኒክ ስሌቱን አልጨረሰም። በደጋ አገር ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን ማየት ይሻላል። አራቱም 23 አካባቢ ከሆኑ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ሦስቱ 23 ሆነው አንዱ 14 ከሆነ ችግሩ ያ ሲሊንደር ውስጥ ነው፤ ያ ማለት ደግሞ ሙሉው ሞተር ሞቷል ማለት አይደለም።

ጥቁር ጭስም እንደዚሁ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ደጋ ላይ አየር ያንሰዋል፤ ፓምፑ ግን የሚሰጠውን ናፍጣ አይቀንስም፤ የከፍታ ማስተካከያ ያላቸው ፓምፖች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ዳገት ላይ ጥቁር ማጨሱ ብቻውን የማለቅ ምልክት አይሆንም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ፣ የሚጣፍጥ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ደግሞ ኩላንት ነው። ወጪ የሚያስከትሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በነገራችን ላይ «ዳገት አልወጣ አለ» ተብሎ የፓምፑን ናፍጣ ማስጨመር የተለመደ ነው፤ አየር በሌለበት የተጨመረ ናፍጣ ጉልበት ሳይሆን ሙቀት ነው የሚሆነው፤ በመጨረሻም የፒስተኑን አናት ያቀልጠዋል።

ደካማ ሲሊንደር ሲገኝ አንዳንዱ በቀዳዳው ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና ይለካል። ቁጥሩ ከጨመረ ፋሻ፣ ካልጨመረ ቫልቭ ይላል። ለቤንዚን ሞተር ደህና ዘዴ ነው። ለናፍጣ ሞተር ግን አታስደርጉት። የናፍጣ ሞተር የማቃጠያ ክፍል በጣም ጠባብ ስለሆነ ዘይቱ ራሱ ክፍሉን ሞልቶ የውሸት ቁጥር ያሳያል፤ በዛ ካለም ቢየላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘውን ክንድ) ያጣምማል።

የተሻለው መንገድ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ነው። የተጠረጠረው ሲሊንደር ፒስተን ኮምፕሬሽን ላይ ሆኖ አናት ላይ ይምጣ፤ ሁለቱም ቫልቮች ይዘጋሉ። ሞተሩ እንዳይዞር መኪናው ማርሽ ገብቶ ቸርኬው ይታገድ። በካንዴሌታው ቀዳዳ 5 ወይም 6 ባር አየር ይሰጥ። ከዚያ ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው። ፉጨቱ በአየር ማጣሪያው በኩል ከመጣ የመሳቢያው ቫልቭ ያፈሳል። በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ከመጣ የጭስ ቫልቭ ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ከነፈሰ ፋሻው ወይም ፒስተኑ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከተነሳ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማኅተም) ወይም ስንጥቅ ነው። ሥራው ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ የሚሰጠው መልስ ግን ብዙ ሺህ ብር ያድናል፤ ምክንያቱም ከአራቱ ውስጥ ሞተሩን ማውረድ የሚጠይቀው በዘይት ክዳኑ የሚነፍሰው ብቻ ነው። ሌሎቹ በአብዛኛው ቴስታታ በማውረድ ያልቃሉ።

የፈላ ሞተር

በአባይ በረሃ የሚበላሸው ሞተር አብዛኛው የፈላ ነው። እዚህም ከፍታው ይገባበታል። ደብረ ማርቆስ ላይ ክዳን በሌለው ድስት ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የሞተር ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው በር) ደግሞ ከ82 እስከ 88 ባለው ነው የሚከፍተው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ትንሽ ናት። ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ካለ ውሃው እዚያው ከተማ ውስጥ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ስፕሪንጉ የሞተ፣ ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ሞተሩን ድስት ያደርገዋል። እጅግ ርካሹ ዕቃ እጅግ ውዱን ይገድላል። ሞተር የፈላበት ሰው መጀመሪያ ክዳኑን፣ ቀጥሎ የፋኑን ክላች፣ ከዚያ የራዲያተሩን መደፈን ሳያስመረምር ስለ ማሳደስም ሆነ ስለ መቀየር ማውራት የለበትም፤ የተገዛው ሞተርም በዚያው ራዲያተር በሚቀጥለው ዳገት ይፈላልና።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም መፍትሔ አይደለም። ቴርሞስታቱ ሲከፍት የባይፓሱን መንገድ የሚዘጋበት ሞተር ብዙ ነው። እሱ ሲወጣ ባይፓሱ እንደ ተከፈተ ይቀራል፤ የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይነካ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይዞራል። ሜዳ ላይ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል፣ ዳገት ላይ ይፈላል።

የፈላ ሞተር ቴስታታ ሲወርድ ሦስት ነገር ይታያል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመቱ፣ በወርዱና በሰያፉ ተጋድሞ ከሥሩ በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ የብረት ቅጠል) ይለካል። የሚፈቀደው ለየሞተሩ ይለያያል፤ ለብዙው 0.10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ካለፈ ማስተካከል ይፈልጋል። የተጣመመ ቴስታታ ማስላጥ ይቻላል፤ ግን በናፍጣ ሞተር ላይ በተላጠ ቁጥር ቫልቭና ፒስተን ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ የቫልቮቹ መቀመጫ በዚያው ልክ ጠልቆ መሠራት አለበት። አንዳንድ አምራቾች ጭራሽ አይፈቅዱም። ሁለተኛው ስንጥቅ ነው። በሁለቱ ቫልቮች መካከል ያለችው ቀጭን ድልድይ መጀመሪያ የምትሰነጠቅ ናት። ሦስተኛውና የሚረሳው የብሎኩ ፊት ነው። ቴስታታውን አስልጦ የብሎኩን ፊት ሳይለካ የገጠመ መካኒክ ጓርኒሲዮኑን ለሁለተኛ ጊዜ ሊቀይር ቀጠሮ ይዟል።

ስንጥቅ ለማየት ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። ብረቱ በደንብ ይታጠብና ይድረቅ። የተጠረጠረበት ቦታ ላይ ነጭ ጋዝ ይቀባ፤ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ በጨርቅ ሙልጭ ተደርጎ ይጠረግ። ጠመኔ ይታሽበትና ነጭ ይልበስ። በትንሽ መዶሻ ጎን ጎኑን ቀስ ብሎ መታ መታ ሲደረግ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ጋዝ ወደ ላይ ይመጣል፤ በነጩ ጠመኔ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች እርጥብ መስመር ትሳላለች። ለቴስታታም፣ ለብሎክም፣ ለክራንክም ይሠራል። ወደ ውስጥ፣ ወደ ውሃው መተላለፊያ የገባ ስንጥቅ ግን በዚህ አይታይም፤ እሱን ሬቲፊካ ቤት (የሞተር ክፍሎች የሚላጡበትና የሚሰፉበት) ቀዳዳዎቹን ደፍኖ፣ በሙቅ ውሃ ውስጥ በአየር ግፊት ነው የሚያገኘው።

ታችኛው ክፍል

ሞተሩ ከታች «ቱክ ቱክ» እያለ የቆመ ከሆነ ነገሩ ብሮንዚንና ክራንክ ነው። እዚህ ላይ ዋጋውን የሚወስነው ሾፌሩ ድምፁን ሰምቶ በምን ያህል ፍጥነት አጠፋው የሚለው ነው። ወዲያው ከቆመ ክራንኩ ጥቂት ይጫራል፤ በ0.25 ሚሊ ሜትር ተላጦ በዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዚን ይገባለታል። «እስከ ደምበጫ ያደርሰኛል» ተብሎ ከተነዳ ብሮንዚኑ መቀመጫው ላይ ይዞራል፣ ቢየላው በሙቀት ሰማያዊ ይሆናል፣ ክራንኩ ይቦረቦራል። ሰማያዊ የሆነ ቢየላ ተመልሶ አይገጠምም።

የክራንኩ ክብ በማይክሮሜትር በሁለት አቅጣጫና በሁለት ቦታ ይለካል። ክብነቱ ወይም ውፍረቱ ከ0.02 ሚሊ ሜትር በላይ ከተዛባ ይላጣል። የሚላጥባቸው ደረጃዎች 0.25 እና 0.50 ናቸው፤ ለአንዳንዱ ሞተር ከዚያም ያልፋል። ብሮንዚኑ መኖሩን ሳታረጋግጡ ክራንክ አታስልጡ። ተላጦ ካለቀ በኋላ ለዚያ ሞተር የ0.50 ብሮንዚን ገበያ ላይ ከጠፋ ክራንኩም ገንዘቡም ቁም ሳጥን ይገባሉ። ሌላው ማዕዘኑ ነው። የክራንኩ ክብ ከጎኑ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ሹል ሳይሆን ለስላሳ ጎባጣ ሆኖ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። የላጩ ድንጋይ ያን ጎባጣ በልቶ ሹል ካደረገው ክራንኩ ሌላ ቀን፣ ጭነት ላይ፣ እዚያው ጥግ ላይ ይሰበራል። ከሬቲፊካ ሲመለስ በጣት ጥፍር እየዳሰሱ ማየት ነው።

ሲሊንደሩን ለማየት መጀመሪያም ጥፍር ይበቃል። ከአናቱ ወደ ታች ጥፍራችሁን አውርዱ፤ ፋሻው የማይደርስበት የላይኛው ጠርዝ ላይ ደረጃ ቢይዛችሁ ግድግዳው ተበልቷል። አቧራ የበላው ሞተር ይህ ደረጃ በግልጽ አለው፤ የአየር ማጣሪያውን ቱቦ ክላምፕም አብራችሁ እዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ልል ሆኖ ይገኛል። ከዚያ የውስጥ መለኪያው ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ ይለካል። የመበላት ልዩነቱ 0.20 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ፋሻ ብቻ መቀየር ገንዘብ መድፋት ነው። ሲሊንደሮቹ በሙሉ በ0.50 ሚሊ ሜትር ይሰፋሉ፣ ፒስተንና ፋሻም በዚያው ልክ ይገዛል። ከሰፋ በኋላ የመስቀልያ ጭረት ያለው ሆኒንግ ይደረግ፤ መስታወት የመሰለ ግድግዳ ዘይት አይዝም፣ ፋሻውም አይለምደውም። ፒስተኖቹ መጀመሪያ ይገዙና ወደ ሬቲፊካው ይሂዱ፤ ሲሊንደሩ የሚሰፋው በእጅ ባለው ፒስተን ልክ እንጂ በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ልክ አይደለም።

ክረምት ወንዝ ውስጥ ገብቶ ውሃ የሳበ ሞተር ለብቻው ነው። ውሃ አይታመቅም፤ ቢየላ ያጣምማል። ሞተሩ ውሃው ወጥቶለት ደህና ሊነሳ ይችላል፤ ቢየላው ግን ከሳምንታት በኋላ ተሰብሮ ብሎኩን ይወጋል። ቴስታታው ወርዶ አራቱም ፒስተኖች አናት ላይ ሲደርሱ ቁመታቸው ይለካ። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ዝቅ ካለ ቢየላው ተጣሟል። በየ100 ሚሊ ሜትሩ ከ0.05 በላይ የጎበጠ ቢየላ በቶዮታ ልክ አይገጠምም። አንድ ቢየላ መቀየር ርካሽ ነው፤ የተወጋ ብሎክ ግን ጉዳዩን ይዘጋዋል፣ ያኔ መቀየር ብቻ ነው።

የትኛው ሞተር ነው?

ልኩ ከታወቀ በኋላ የሞተሩ ዓይነት ይገባል። በላንድክሩዘር ላይ ያለው 1ኤችዜድ፣ በሃይስና በሃይሉክስ ላይ ያሉት 3ኤልና 5ኤል፣ በአይሱዙ ኤንፒአር ላይ ያለው 4ኤችኤፍ1 የብረት ብሎክ ያላቸው፣ ለመታደስ የተሠሩ ሞተሮች ናቸው። ፒስተኑ፣ ፋሻው፣ ብሮንዚኑ ይገኛል፤ በአይሱዙው ላይ ደግሞ ሊነሩ (የሲሊንደሩ ግድግዳ) ራሱ ይወጣና ሌላ ይገባል። ብሎክና ክራንካቸው ደህና ከሆነ አሳድሱ እላለሁ፣ ያለ ማመንታት።

ቪትዝና መሰል ትንንሽ መኪኖች ላይ ያለው 1ኤንዜድ የተለየ ነገር ነው። ብሎኩ አልሙኒየም ነው፤ ውስጡ የገባው የብረት ግድግዳ ስስ ስለሆነ ሰፍቶ ኦቨርሳይዝ ፒስተን እንዲገባበት አልታሰበም። ዘይት መብላት ብቻ ከሆነ ፋሻና የቫልቭ ጎማ ይቀየርለታል። ሲሊንደሩ ከተጫረ ወይም ሞተሩ ከነከሰ (ተጣብቆ ከቆመ) ግን ያገለገለ ሞተር ፈልጎ መቀየሩ ያዋጣል።

አስቸጋሪው በኋለኞቹ ሃይሉክስና ሃይስ ላይ ያለው የናፍጣ ሞተር፣ 2ኬዲ ነው። የኖዝሎቹ የመዳብ ማኅተም ሲያፈስ የቃጠሎ ጭስ ዘይቱን ያጠቁረዋል፤ ጥላሸቱ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍናል፤ ዘይት ያጣው ክራንክ ይሞታል። ይህን ሞተር አሳድሶ ማኅተሞቹን ሳይቀይር፣ ወንፊቱንም ሳያጥብ የገጠመ ሰው ክራንክ ለሁለተኛ ጊዜ ይገዛል። ያገለገለ 2ኬዲ የሚገዛም የዘይቱን ጎድጓዳ አስፈትቶ ወንፊቱን ሳያይ ብር እንዳይከፍል። ኖዝልና ፓምፕ ከተጨመረበት ደግሞ የማሳደሱ ሂሳብ ከፍ ይላል፤ ለዚህ ሞተር አስቀድሜ የማስለካው ኖዝሎቹን ነው።

ያገለገለ ሞተርና ሊብሬው

ያገለገለ ሞተር ከአዲስ አበባ፣ በተለይም ከሶማሌ ተራ ነው በብዛት የሚመጣው። ሻጩ «ከዱባይ የመጣ ንጹሕ ነው» ይላል። ሊሆንም ይችላል። ግን ያገለገለ ሞተር የሌላ ሰው ያልታወቀ ታሪክ ነው፤ የእናንተ ሞተር ቢያንስ ሕመሙ ይታወቃል። ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩ መሬት ላይ እንዳለ በሞተሪኖ ዞሮ ኮምፕሬሽኑ ይለካ፤ አዲስ አበባም ደጋ ስለሆነች ቁጥሩን በዚያው ስሌት አንብቡ። የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ውስጡ እንደ ሬንጅ የጋገረ ካለ ተዉት። የቴስታታው ቡሎኖች የመፍቻ ጭረት ካላቸው አንድ ሰው ቀድሞ ከፍቶታል። የውሃው ቀዳዳ በዝገት ከተዘጋ ያለ ኩላንት የተነዳ ነው። ከታች ጎድጓዳው ወርዶ አንድ የዋና ብሮንዚን ቆብ ይፈታ፤ መዳቡ ከታየ ብሮንዚኑ አልቋል። ይህን የሚከለክል ሻጭ መልሱን ሰጥቷል። በተቻለ መጠን የመሞከሪያ ጊዜው በደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሊብሬው አለ። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ተጽፏል። ሞተር ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል፤ ቦሎ ለማሳደስ ምርመራ ሲሄዱ ወይም መኪናው ሲሸጥ ጥያቄው ይነሳል። ስለዚህ ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት መኪናው የተመዘገበበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ምን ሰነድ እንደሚፈለግ በአካል ጠይቁ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለው ሞተር በግማሽ ዋጋ ቢሰጣችሁ እንኳ አትንኩት፤ ከሌላ መኪና የተነቀለ ሊሆን ይችላል። ሞተር ማሳደስ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ቁጥሩ እዚያው ይቀራል። ሰው ሂሳብ ሲያወዳድር ይህን አይቆጥረውም፤ እኔ ግን ዋናው የማሳደስ ትርፍ እሱ ይመስለኛል።

ስለ ዋጋ ቁጥር አልጽፍም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ በወራት ልዩነት ይለወጣል። የሂሳቡን አሠራር ብቻ ልናገር። በማሳደስ በኩል ዕቃ፣ ሬቲፊካ፣ የመካኒክ ዋጋና መኪናው የሚቆምበት ጊዜ ይደመር። በመቀየር በኩል ሞተሩ፣ ትራንስፖርቱ፣ የሰነዱ ወጪ፣ አዲስ ታይሚንግ ቺንጋ፣ ማኅተሞችና የውሃ ፓምፕ ይደመር፤ እነዚህን በአሮጌ ዕቃ መግጠም አይገባምና። ለጭነት መኪና መቆሙ ራሱ ትልቁ ወጪ ነው፤ እህል በሚጫንበት ታኅሣሥና ጥር ሞተር የሚያወርድ ባለአይሱዙ ከሬቲፊካው ሂሳብ ይልቅ ያመለጠው ጭነት ይጎዳዋል። ያኔ ያገለገለ ሞተር ውድ ቢሆንም ሊያዋጣ ይችላል። የማሳደሱ ጠቅላላ ወጪ ግን ሰነዱ የተሟላና የተለካ ያገለገለ ሞተር ከሚወስደው ሁለት ሦስተኛ በታች ከሆነ እኔ ማሳደሱን እመርጣለሁ።

ከተወሰነ በኋላ

የማሳደስ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው መገጣጠም ላይ ነው። ብሎኩ ከሬቲፊካ ሲመጣ ቀዳዳው ሁሉ የብረት ብናኝ አለው፤ የዘይት መተላለፊያዎቹ በረጅም ብሩሽና በሳሙና ታጥበው በአየር ይነፉ። ብሮንዚን የበላ ሞተር ከነበረ የዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥም ብናኝ አለ፤ ካልታጠበ ወይም ካልተቀየረ አዲሱን ብሮንዚን ይበላል። አዲስ ፋሻ ሲሊንደሩ ውስጥ ብቻውን ገብቶ የአፉ ክፍተት ይለካ፤ ለ100 ሚሊ ሜትር ስፋት ከ0.30 እስከ 0.40 ደህና ነው፣ ከዚያ ከጠበበ ሲሞቅ ይጋጠምና ሲሊንደሩን ይቧጭራል። በኤልና በ1ኤችዜድ ሞተሮች ላይ የቴስታታው ጓርኒሲዮን በውፍረት ደረጃ ይመጣል፤ የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ብቅ እንዳለ ተለክቶ ነው፤ የተገኘውን መግጠም የለም። ቡሎኑ በቶርክ ሬንች፣ ከመሃል ወደ ዳር ይጠበቅ፤ በዲግሪ የሚጠበቅ ዓይነት ከሆነ በአዲስ ይተካ።

መጀመሪያ ሲነሳ ናፍጣው ተቋርጦ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ ይዙር። ከተነሳ በኋላ በባዶ ለረጅም ጊዜ ቆሞ እንዳይሠራ፤ ፋሻ የሚለምደው በመጠነኛ ጭነት ነው። የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ ባለው መንገድ፣ ግማሽ ጭነት ይዞ፣ ፍጥነቱን እየለዋወጠ ቢሄድ ይመረጣል፤ ወደ በረሃው ግን አይውረድ። በ500 ኪሎ ሜትር ዘይቱና ማጣሪያው ይቀየሩ፤ የወጣውን ማጣሪያ በመጋዝ ከፍታችሁ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ዘርጉት። ጥቂት የጠቆረ ብናኝ የሚጠበቅ ነው። እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ካያችሁ ብሮንዚን ነው፤ ሞተሩን ሳታስነሱ መካኒኩን እዚያው ጥሩት።